ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ የሚያስቸግር ሞተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ መስመር መኪና የሚነዱና የሚያስጠግኑ ሰዎች ስለዚህ ብልሽት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ «ውሃ» ሲባል ኩላንትንም (ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚሸጠውን ፈሳሽ) ይጨምራል።

ውሃ ወደ ሲሊንደር ገባ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ ዋና አካል) እና በቴስታታው (ከላዩ በሚታሰረው ክዳን) ውስጥ ባሉ መተላለፊያዎች ይዘዋወራል። ነዳጅ የሚቃጠልበትን ሲሊንደር ከእነዚህ መተላለፊያዎች የሚለየው ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረትና በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል የተነጠፈው ስስ ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮን፣ ብቻ ነው። ጋርኒሲዮኑ ሲቃጠል፣ ቴስታታው ሲጣመም ወይም ሲሰነጠቅ፣ አልፎ አልፎም ሞኖብሎኩ ራሱ ሲሰነጠቅ፣ ይህ ድንበር ይፈርስና ውሃው ወደ ሲሊንደሩ፣ የሲሊንደሩ ጋዝም ወደ ውሃው መተላለፍ ይጀምራል።

ስለዚህ «ውሃ ገባ» የሚለው ቃል ምልክቱን እንጂ መንስኤውን አይነግረንም። ጋራዥ ውስጥ ይህን ምልክት የሰማ ሰው ሁሉ በቀጥታ «ጋርኒሲዮን ነው» የሚለው በአብዛኛው እውነት ስለሚሆን ነው፤ ሆኖም ጋርኒሲዮን የሚቃጠልበት ምክንያት ስላለው እሱን ሳያገኙ ጋርኒሲዮኑን መቀየር ብልሽቱን ለጥቂት ወራት ማዘግየት ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል የውሃ ተን ይፈጠራል፤ ይህ ተን በቀዝቃዛ ማለዳ በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ውስጥ ሲያልፍ ይጤዝና ነጭ ሆኖ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደሴ፣ እንዲሁም በኩታበር፣ በደላንታና በወረኢሉ ብርድ፣ ጤነኛ መኪናም ሲነሳ ነጭ ሊያጨስና ከማርሚታው ጫፍ ውሃ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ያው መኪና ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ቢያድር ምንም ላይታይበት ይችላል።

ልዩነቱ በቆይታውና በሽታው ነው። የብርዱ ተን ማርሚታው እንደሞቀ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ከጭስ ማውጫው ጥቂት እንደራቀም አየር ላይ ይበተናል። ከራዲያተር የገባ ውሃ የሚፈጥረው ጭስ ግን ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ይቀጥላል፣ ወፍራም ሆኖ ረጅም መንገድ ይከተላል፣ በራዲያተሩ ውስጥ እውነተኛ ኩላንት ካለም ጣፋጭ ሽታ ይኖረዋል። ጭሱ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ ግን ውሃ ሳይሆን ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ የዚህ መነሻው በአብዛኛው ካንዴሌታ (ናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቀው) ወይም ኢንጀክተር (ነዳጁን የሚረጨው) ስለሚሆን ቴስታታ ማንሳት አያስፈልግም።

ዘይቱ አልነጣም። ታዲያ ጋርኒሲዮኑ ደህና ነው ማለት አይቻልም?

አይቻልም። ጋርኒሲዮኑ የሚለያቸው መተላለፊያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የጋዝ፣ የውሃና የዘይት። ቀዳዳው በውሃውና በሲሊንደሩ መካከል ብቻ ከተከፈተ ውሃው ተቃጥሎ በጭስ ማውጫ ይወጣል እንጂ ከዘይቱ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ወተት የመሰለ ዘይት የሚታየው ውሃው ወደ ዘይቱ መንገድ ሲያገኝ ወይም በብዛት ገብቶ በፋሻዎቹ (በፒስቶኑ ቀለበቶች) በኩል ወደ ታች ሲወርድ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ከሰፈር ሰፈር ብቻ የሚነዳ፣ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቢጫማ አረፋ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ይህ የአየር እርጥበት ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹህ ከሆነና ራዲያተሩ ካልጎደለ በክዳኑ ላይ ባለው አረፋ ብቻ ሞተር አይፈታም።

ሞተሩ የሚያንገራግረው ጠዋት ሲነሳ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል። ለምን?

ሞተር በሥራ ላይ ሳለ በሲሊንደሩ ውስጥ በፍንዳታው ቅጽበት ያለው ግፊት በብዙ አሥር ባሮች ይቆጠራል፤ የራዲያተሩ ግፊት ግን አንድ ባር ገደማ ነው። በዚህ ሰዓት በአብዛኛው የሚገፋው ጋዙ ነው፤ ውሃ የሚሳበው ፒስቶኑ አየር በሚስብበት ቅጽበት ጥቂት በጥቂት ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። የሲሊንደሩ ግፊት ወዲያው ሲጠፋ፣ የጋለው ውሃ ግፊት ግን ሰዓታት ይቆያልና ውሃውን በቀዳዳው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል።

ሌሊቱን የተጠራቀመው ውሃ ጠዋት ካንዴላውን (ነዳጁን የሚለኩሰውን) ያርሰዋል፤ ሞተሩም ለጥቂት ጊዜ በአንድ ሲሊንደር ሚስ ያደርግና (ሳያቃጥል እየዘለለ) ውሃው ተቃጥሎ ሲወጣ ይስተካከላል። ማታ ሙሉ ሙቀት ላይ ሳለ የቆመ መኪና ጠዋት ለአንድ ደቂቃ ሚስ ካደረገ፣ ነጭ ጭስ ካስከተለ፣ ውሃውም በየሳምንቱ ከጎደለ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ መገኘታቸው ከማንኛውም የኮምፒውተር ንባብ በላይ ይታመናል።

ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) «ገጭ» ብሎ ይቆማል። መኪናውን በቁልቁለት ለቅቄ ላስነሳው?

በፍጹም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ከመጭመቂያው ክፍተት የሚበልጥ ውሃ ካደረ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ከግድግዳ ጋር እንደተጋጨ ይቆማል። ሞተሪኖው ደካማ ስለሆነ በዚያው ይቆማል፤ መኪናው በማርሽ ሆኖ ቁልቁል ሲንደረደር ግን የመኪናው ክብደት ሁሉ በዚያ ፒስቶን ላይ ያርፍና ቢዬላውን (ፒስቶኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል፣ አንዳንዴም ሞኖብሎኩን ይሰብረዋል። የደሴ ሰፈሮች አብዛኞቹ ተዳፋት ስለሆኑ ባትሪ የደከመ ሲመስል እጅ ፍሬን ለቅቆ ማስነሳት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ውሃ በሚጠጣ ሞተር ላይ ሲፈጸም በጋርኒሲዮን ሊያልቅ የነበረውን ጥገና ወደ ሙሉ ኦቨርሆል ይወስደዋል።

መጀመሪያ ባትሪው መሆን አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሞተሪኖው ከቆመ የከለከለው ነገር ሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ነዳጁንና የካንዴላውን እሳት አቋርጦ ካንዴላዎቹን ሁሉ (በናፍጣ ሞተር ካንዴሌታዎቹን ወይም ኢንጀክተሮቹን) ማውጣት፣ ከጉድጓዶቹ ፊት ገለል ማለትና ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ ማዞር ያስፈልጋል። ጥፋተኛው ሲሊንደር ውሃውን ወደ ውጭ ይረጨዋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግ ተገቢ ነው፤ እርጥብ ብረት በአንድ ሌሊት ስለሚዝግ ነው።

ቴስታታውን ሳላነሳ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያስገባ ማወቅ እችላለሁ?

ይቻላል፤ እንዲያውም ሳይታወቅ ቴስታታ መነሳት የለበትም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በተራቸው መደርደር ነው። ጤነኞቹ ቡናማ ወይም ግራጫ ሲሆኑ ውሃ የሚያገኘው እንደታጠበ ነጥቶ ወይም የኩላንቱን ቀለም ቅሪት ይዞ ይገኛል። በካንዴላው ጉድጓድ ትንሽ ካሜራ (ቦሮስኮፕ) ማስገባት የሚችል ጋራዥ ካለ ደግሞ የሌሎቹ ፒስቶኖች ራስ በካርቦን ጠቁሮ የአንዱ ብቻ በእንፋሎት ተጠርጎ ብረቱ ሲያበራ ይታያል።

ከሁሉ የምመርጠው ምርመራ ግን የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ጌጅ ያለው ፓምፕ ይገጠምና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት፣ ለምሳሌ እስከ 0.9 ባር፣ አየር ይሰጠዋል። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ በጉድጓዶቹ ላይ ጨርቅ ተደርጎ፣ መኪናው እንዲሁ ያድራል። ጠዋት ጌጁ ወርዶ ከተገኘና ሞተሪኖው ሲዞር ከአንዱ ጉድጓድ ውሃ ከተረጨ ጥያቄው ተመልሷል። ጌጁ ወርዶ ከየትም ካልተረጨ ደግሞ ቀጥሎ የሚታየው የውጭ ማፍሰሻ፣ የሂተሩ ራዲያተርና የዘይቱ መጠን ነው። ይህን ምርመራ በአንድ ሰዓት ለመጨረስ መቸኮል ዋጋውን ያሳጣዋል፤ ትንሽ ቀዳዳ የሚገለጠው በማደር ነው።

ሌላው መንገድ በኮምፕሬሰር ነው። አንዱን ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ወደሚዘጉበት ከፍተኛ ነጥብ አምጥቶ በካንዴላው ጉድጓድ አየር ሲሰጡት በራዲያተሩ አፍ አረፋ ከታየ ቀዳዳው በዚያ ሲሊንደር ነው። መኪናው በማርሽ ካልታሰረ አየሩ ሞተሩን ሊያዞረው ስለሚችል እጅን ከፋኑና ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) ማራቅ ግድ ነው።

ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን ሲያምቅ የሚደርሰው ግፊት) ተለክቶ «ዝቅ ብሏል» ተባልኩ። ይህ ማስረጃ ይሆናል?

ብቻውን አይሆንም፤ በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለው። በማኑዋል ላይ የሚጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ያለውን አየር ታሳቢ ያደርጋል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ማኑዋሉ 12 ባር የሚለው ሞተር ፍጹም ጤነኛ ሆኖ 9 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላሰበ ባለሙያ ጤነኛ ሞተር ሊያስፈታ ይችላል።

ስለዚህ መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጉልህ ከወረደ፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ የጎረቤቶቹ አብሮ መውረድ ጋርኒሲዮኑ በመካከላቸው መቃጠሉን ያመለክታል። በሌላ በኩል ውሃ የሚያሳልፍ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ኮምፕሬሽኑን ምንም ላያወርደው ስለሚችል፣ ሁሉም እኩል መሆናቸው ሞተሩን ነጻ አያወጣውም።

ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ሲወጣ ብቻ ውሃ ይተፋል። ጋርኒሲዮን ነው ወይስ ራዲያተር?

ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ደሴ ለመድረስ መንገዱ በ20 ከምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ 650 ሜትር ያህል ይወጣል። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር በስራ ፈት (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) የማይታይ ቀዳዳ እዚህ ይከፈታል። ከወልዲያ ወደ ጋሸና በድልብ በኩል የሚወጡ ሾፌሮችም ያንኑ ያውቃሉ። ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አቁሞ «አረፋ የለም» ብሎ መመለስ ለእንዲህ ያለው ብልሽት መልስ አይሆንም።

ከዚያ በፊት ግን ክዳኑ ይፈተሽ። ውሃ ደሴ ላይ ክፍት በሆነ ድስት በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ ይፈላል፤ የብዙ መኪናዎች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ግፊት የሚይዝ 0.9 ባር ክዳን መፍላቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ነው መኪናዎቻችን የሚሠሩት፤ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ሲገጠም ምንም ብልሽት የሌለበት ሞተር ውሃውን አፍልቶ ይተፋል። በርካሽ የሚቀየር ዕቃ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ቴስታታ ካስነሳ በኋላ የሚያስታውሰው መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለቱን የሚለየው ቀዝቃዛ ሙከራ ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ፣ እንደገና ታስሮ ይነሳል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ውሃው ገና ለብ ሳይል፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ እንደተነፋ ከደነደነ ግፊቱ ከሙቀት የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው። ሐረጎ ላይ የጋለ ሞተርን ክዳን መክፈት ግን ፊትና እጅን ማስገረፍ ነው፤ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ጤነኛውን ቴስታታ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጋርኒሲዮኑ ተቀይሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ብልሽት ተመለሰ። ለምን?

ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚጠየቀው ነው፤ ብዙውን ጊዜም መልሱ ያለው ከጋርኒሲዮኑ ውጭ ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ የአልሙኒየም ቴስታታ በብረት ሞኖብሎክ ላይ ታስሮ ከመጠን በላይ ሲግል መስፋት ስለማይችል መሃሉ ይጎብጣል። ይህን ጉብጠት በዓይን ማየት አይቻልም። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱ ሰያፍ መስመሮች አጋድሞ በሥሩ የሚያልፈውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ ብረቶች መለኪያ) መለካት ያስፈልጋል፤ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች አምራቾቹ የሚፈቅዱት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሞኖብሎኩ ፊትም በዚያው መንገድ ይለካል፤ ቴስታታውን ብቻ አስልጎ የተጣመመ ሞኖብሎክ ላይ የሚያስር ጋራዥ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ቀጥሎ የብሎኖቹ ጉዳይ አለ። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ብሎን እስኪሳብ ድረስ የሚጠብቅ ስለሆነ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል፤ ማጥበቂያውም ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ መጀመሪያ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ከዚያም በዲግሪ ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል ባለሙያ እጁ ቢያውቅ እንኳ አሥሩን ብሎን እኩል ሊያስር አይችልም። የብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይትም ከባድ ጠንቅ ነው፦ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ ቁልፉ የጠበቀ ያስመስለዋል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም፤ ሲብስም የጉድጓዱ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ከመታሰሩ በፊት እያንዳንዱ ጉድጓድ በአየር ተነፍቶ፣ ብሎኑ በእጅ እስከ ሥሩ መግባቱ መታየት አለበት።

ሦስተኛው፣ ሞተሩን መጀመሪያ ያጋለው ነገር አለመታረሙ ነው። በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይነሳ ፋን፣ ክንፉ የተበላ የውሃ ፓምፕ፣ «ለሙቀት አገር አያስፈልግም» ተብሎ የተጣለ ቴርሞስታት አዲሱን ጋርኒሲዮን እንደ አሮጌው ያቃጥሉታል። ፊቱን በሚፍቅ ዲስክ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትም የአልሙኒየሙን ፊት ይሰረጉደዋል፤ በተለይ ከተደራረበ ስስ ብረት የሚሠራው ጋርኒሲዮን ለስላሳ ፊት ካላገኘ አያሽግም።

ቴስታታው ማሽን ሾፕ ሄዶ ተልጓል። ስንጥቅ ካለ ያዩት አልነበረም?

መላግና ስንጥቅ መፈተሽ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ካልጠየቁ ሁለተኛው ላይሠራ ይችላል። የውሃ መተላለፊያዎቹ በጎማና በብረት ሳህን ተደፍነው፣ ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ በውስጡ አየር ሲሰጥ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ይታያል። ውሃው ሙቅ መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ ብዙ ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሁለት ቫልቮች መካከል ወይም በቫልቩና በካንዴላው ጉድጓድ መካከል፣ ብረቱ በሚሳሳበትና እሳቱ በሚበረታበት ቦታ ነው።

መላግም ወሰን አለው። የቴስታታው ቁመት ከአምራቹ ዝቅተኛ ልክ ከወረደ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ የቫልቭና የፒስቶን ርቀት ይጠባል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ በሚቀመጥባቸው ሞተሮች ደግሞ የሥሩ ፊት ቢስተካከልም የካምሻፍቱ መቀመጫ እንደጎበጠ ሊቀር ይችላል፤ ካምሻፍቱ ያለ ቫልቭ ታስሮ በእጅ በቀላሉ ካልዞረ ያ ቴስታታ አልዳነም። በቫልቮች መካከል የተሰነጠቀ ቴስታታን በሳልዳቱራ (በብየዳ) ማስያዝ እንደ ሥራው ጥራት ሊሳካ ቢችልም፣ ዳገት ለሚወጣና ጭነት ለሚሸከም መኪና ሌላ ቴስታታ መፈለግን እመርጣለሁ።

በናፍጣ መኪናዬ ሁለት ጊዜ ጋርኒሲዮን ቀይሬያለሁ፤ አሁንም ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ምን ቀረ?

መጀመሪያ የኢ.ጂ.አር. ኩለር ይታይ። ብዙ አዳዲስ የናፍጣ ፒክአፖችና ሚኒባሶች የጭሱን ከፊል ወደ አየር ማስገቢያው መልሰው ይልካሉ፤ ያ ጭስ በራዲያተሩ ውሃ በሚቀዘቅዝ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ዕቃው ከውስጥ ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቱቦ)፣ ከዚያም ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል። ተንኮሉ ምልክቱ ከጋርኒሲዮን ጋር አንድ መሆኑ ነው፦ ነጭ ጭስ አለ፣ ውሃ ይጎድላል፣ ጭሱም ወደ ውሃው ሊገባ ስለሚችል ራዲያተሩ አረፋ ያወጣል። በጋዝ ሲነካ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ በሚለወጠው ፈሳሽ ቢፈተሽ እንኳ «ጋዝ አለ» ይላል። ናፍጣ ሞተር በስራ ፈት ሲሠራ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አነስተኛ ስለሆነ ደግሞ ያ ፈሳሽ ቀለሙን ሳይለውጥ ሊያታልልም ይችላል። ማኒፎልዱን ከፍቶ እርጥብ ጥቀርሻ መኖሩን ማየት፣ ኩለሩን አውልቆ፣ ጫፎቹን ደፍኖ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ በአየር መፈተሽ ከቴስታታ ማንሳት በእጅጉ ይቀላል።

ሁለተኛው የጋርኒሲዮኑ ውፍረት ነው። ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች ጋርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ይሠራል፤ ልዩነቱ በጠርዙ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች፣ ጥርሶች ወይም ፊደላት ይታወቃል። የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ፒስቶኑ ከሞኖብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል በመለኪያ ታይቶ ነው። መደብሩ ውስጥ የተገኘውን መግጠም ልክ አይሆንም።

ካሚቻቸው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት፣ ሞኖብሎኩ ውስጥ የሚገባው ቱቦ) በቀጥታ በውሃ የተከበበ ከባድ መኪናዎች ደግሞ የራሳቸው በሽታ አላቸው። ካሚቻው በፍንዳታው ሲርገበገብ በውጭ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን አረፋዎች እየፈነዱ ብረቱን ይቆረቁሩታል፣ በመጨረሻም እንደ መርፌ ቀዳዳ ይበሱታል። ያለ ኩላንት በባዶ ውሃ የሚሠራ መኪና ለዚህ የተጋለጠ ነው።

የማሸጊያ ፈሳሽ ወይም እንቁላል ራዲያተር ውስጥ መጨመርስ?

ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ በሚወስደው በረሃ የቆመ ሰው ያገኘውን ቢሞክር አልፈርድበትም። እንደ ጥገና ግን አይቆጠርም። በሲሊንደሩ በኩል ያለው ግፊት ልጥፉን ይነቅለዋል፤ ልጥፉ ግን የራዲያተሩንና የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ሁለት ብልሽት ይጠብቀዋል።

ከጥገና በኋላ ምን ውሃ ልሙላ? አየሩስ እንዴት ይወጣል?

የቦርከናም ሆነ የምንጭ ውሃ ደለልና ማዕድን ስላለው ሲፈላ ቅርፊት ይሠራል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቢደባለቅ ይመረጣል፤ ኩላንቱ ዝገትን ይከላከላል፣ መፍላቱንም ከባዶ ውሃ ከፍ ያደርጋል። ተደባልቆ የሚሸጥ ኩላንት ላይ ግን ተጨማሪ ውሃ አይጨመርም።

አየር ለማስወጣት የደሴ ዳገት ጠቃሚ ነው፦ መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ይቁም፣ ሂተሩ ወደ ሙቅ ይከፈት፣ ሞተሩ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከቀዝቃዛ ይነሳና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ውሃው እየተሞላ ይቆይ። ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውስጡ አየር ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ መጠኑ እንደገና ይታያል።

ከዚህ ሁሉ ጥገና ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር አይሻልም?

ሞኖብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ቢዬላው ታጥፎ ሲሊንደሩን ከበላ ሊሻል ይችላል። ያገለገለ ሞተርም ግን ታሪኩ የማይታወቅ ስለሆነ ከመገጠሙ በፊት ካንዴላዎቹ፣ የውሃ መተላለፊያዎቹ ዝገትና የቴስታታው ብሎኖች ተነክተው እንደሆነ ይታይ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ከመቀየሩ በፊት የትራንስፖርት ቢሮውን ሥርዓት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሞተሩን የግዢ ሰነድ ሳይይዙ መቀየር መኪናውን በኋላ ለመሸጥ ያስቸግራል።

ጋርኒሲዮኑም ቴስታታውም ኩለሩም ተፈትሸው ደህና ናቸው፤ ውሃው ግን አሁንም ይጎድላል። ከዚህ በኋላስ?

ካንዴላዎቹ ሁሉ ደረቅና ጤነኛ ሆነው ጭሱ ብቻ ከነጣ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ሳይሆን በቴስታታው የጭስ መውጫ ቦይ በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ከቫልቩ ወዲያ ስለሆነ ሞተሩ ሚስ አያደርግም፣ ኮምፕሬሽንም አይወርድም። የጭስ ማኒፎልዱ ተፈትቶ፣ ራዲያተሩ በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ሲያድር፣ ከአራቱ ቦዮች እርጥቡ ይለያል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ተርቦ ያለው መኪና ከሆነ ተርቦውም በዚሁ ይመረመራል።

የሞኖብሎክ ስንጥቅ ከተጠረጠረ ቴስታታው ሲነሳ የሚጠረጠረው ሲሊንደር ፒስቶን ወደ ታች ተደርጎ፣ የታችኛው የውሃ መውጫ ተደፍኖ፣ መተላለፊያዎቹ እስከ አፋቸው በውሃ ይሞሉና ያድራሉ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ጠዋት ላይ ከላበ ቦታው ተገኝቷል። ስንጥቁ ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ግን ይህም ሊያልፈው ስለሚችል ሞኖብሎኩ ማሽን ሾፕ ሄዶ በሙቅ ውሃ ግፊት ቢፈተሽ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን የጎደለው ውሃ ይለካ። በትርፍ ውሃ መያዣው ፕላስቲክ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር ይሰመር፤ መጠኑ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ይታይ፤ ምክንያቱም ተዳፋት ላይ የቆመ መኪና የውሃ መጠኑ የተለየ መስሎ ይታያል። የሚጨመረው በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ተለክቶ ከኪሎ ሜትሩና ከተሄደበት መንገድ ጋር ይጻፍ። ከሚሴ ደርሶ ሲመለስ የሚጎድል፣ ቆሞ ሲያድር የሚጎድል፣ ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚጎድል መኪና ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ ባለሙያውም ከዚህ ወረቀት ተነስቶ የትኛውን ምርመራ እንደሚያስቀድም ይወስናል።